ሐመሩ ሐ

የተወለድኩበት ሰፈር አሁን መንገድ ሆኗል። ሰፊ፣ መብራት የተተከለበት፣ ጥሩ መንገድ ነው። በታክሲ ሳልፍበት የትኛው የመብራት ምሰሶ በእኛ ጓዳ ላይ እንደቆመ ለመገመት እሞክራለሁ፤ አንድም ቀን እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም። ቤቶቹ ሲፈርሱ ሰዉ አቅሙ ወደፈቀደለት ተበተነ። እኛ ሰበታ ገባን። ሌላው ቡራዩ ተከራየ። የቀረው እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ ወረደ። አዲስ አበባን መሀል አድርገን ዙሪያዋን ተቀመጥን፤ ለመጠያየቅ ስንፈልግ ታዲያ ያስወጣችንን ከተማ ማቋረጥ ግድ ነው። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ያልፈረሰው ዕድሩ ብቻ ነው። በድሮው ሰፈር ሰው ሲሞት ጥሩንባ ነፊው ማለዳ በየቅያሱ እየዞረ ይነፋ ነበር፤ ሰዉ በር ከፍቶ ማን እንደሆነ ይሰማል። ከተበተንን በኋላ ጥሩንባ ከሰበታ ተነፍቶ ሱሉልታ አይሰማም። ስልክ መደወል ደግሞ አይሆንም። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በተለይ ለሽማግሌ። ሰዎች ተሰብስበው ማለዳ ቤቱ ድረስ ሄደው፣ ሰውየውን አስቀምጠው፣ ፊት ለፊት ነው የሚያረዱት። ስለዚህ በየከተማው ተጠሪ ተመረጠ። ተጠሪው ጠዋት ጠዋት የዕድሩን ድረ ገጽ ከፍቶ ያያል፤ ሐዘን ካለ ሁለት ሦስት ሰው ይዞ ወደሚመለከተው ቤት ይሄዳል። ገጹን የሠራሁት እኔ ነኝ። ስም ያወጣለት ግን ሰዉ ነው፦ ‹ጥሩንባው› ይሉታል።

የእኔ ሙያ ሰነድ ማገጣጠም ነው። የምጠቀምበት የድረ ገጽ ማዕቀፍ፣ ሰነዶችን ተቀብሎ ገጽ የሚያደርገው ፕሮግራም፣ አርጅቷል፤ መሥሪያ ቤት ያሉ ወጣቶች ሙዚየም ይግባ እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔ ግን እወደዋለሁ። ኤክስኤምኤል የሚባለው አጻጻፍ ሁሉንም ነገር በስሙ ይከፍታል፣ በስሙ ይዘጋል። ‹ደስታ› ብለህ ትከፍታለህ፣ የማን ልጅ እንደተዳረ ትጽፋለህ፣ ‹ደስታ› ብለህ ትዘጋለህ። ሦስቱ ከተሞች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ሰነድ እንዲህ ይጽፋሉ፤ ማዕቀፉ ሦስቱን ተቀብሎ አንድ ያደርጋል። ችግሩ አንድ ሰነድ ከአንድ ሥር፣ ሁሉን ከሚያቅፍ አንድ ስም፣ በላይ ሊኖረው አለመቻሉ ነው። ሦስቱን እንዲሁ ብትደራርባቸው ሦስት ሥር ይሆንና ማሽኑ አልቀበልም ይላል። ስለዚህ ከሁሉም በላይ አዲስ ሥር ተከልኩ፤ ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን በሱ ሥር አስገባኋቸው። ስሙን ‹ሰፈር› አልኩት። አባቴ ይህን ሳሳየው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

የተገጣጠመው ሰነድ ከዚያ በኋላ በቧንቧ እንደሚሄድ ውሃ ወደ ማጣሪያ ይገባል። ማጣሪያው ስም ይፈልጋል። የሐዘኑን ስም ሲያገኝ ከላይ በጥቁር ክፈፍ ያስቀምጠዋል፤ ደስታውን ከሱ በታች፣ ስብሰባውን ከግርጌ። አንድ ሰው የከፈተውን ሳይዘጋ ከረሳ ማዕቀፉ ይጮኻል፤ አንዴ የቡራዩ ተጠሪ አንድ ምልክት ዘሎ ሙሉ ገጹ ጠፍቶ የሦስት ከተማ ሰው ሲደውልልኝ ውሏል። ማጣሪያው የማያውቀው ስም ሲገጥመው ግን አይጮኽም፤ ነገሩን ዝም ብሎ አልፎት ይሄዳል፣ ገጹም አምሮ ይከፈታል።

ስሞቹ በአማርኛ ይሁኑ ያለው አባቴ ነው። ዕድሜውን በሙሉ የማተሚያ ቤት አራሚ ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ የሚያርመው ሲያጣ የሱቅ ማስታወቂያ ማረም ጀመረ፤ ከባለሱቅ ጋር እየተጣላ ስንቴ እጁን ይዤ ወደ ቤት መልሼዋለሁ። የሰበታን ሰነድ የሚጽፈው እሱ ሆነ። ታዲያ የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ‹ሐዘን› በየትኛው ሀ ይጻፍ የሚል ጥያቄ ተነሳ። ያነሳው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

አባቴ ቃሉ ከግዕዝ የመጣ ስለሆነ በሐመሩ ሐ ነው የሚጻፈው አለ። የቡራዩ ተጠሪ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተማሩ ሰው ናቸው፤ እኔ ስማር በብዙኃኑ ኀ ነው ያየሁት ብለው ድርቅ አሉ። ሁለቱ ተያይዘው ከሰዓት ሆነ። የሱሉልታው ተጠሪ፣ ጡረታ የወጡ ሾፌር፣ ስልኬ ላይ ቶሎ የሚመጣልኝ ተራው ሀ ነው፣ ሆዴም ርቦኛል አሉ። ሰዉ ሳቀና እጁን አወጣ። ሃሌታው ሀ አሸነፈ። እኔም ማጣሪያው ላይ ‹ሀዘን› ብዬ ጻፍኩ። ለማሽን ሀ እና ሐ እንደ ለ እና መ የተለያዩ ናቸው፤ ስለዚህ ሁላችሁም በዚሁ ብቻ ጻፉ አልኳቸው፤ እሺ አሉ።

አባቴ ቤት እስክንደርስ አጉረመረመ። «ሃሌታው ሀ የተባለው ለሃሌ ሉያ ስለሚሆን ነው፤» አለኝ፤ «በሃሌ ሉያ ፊደል ሰው ይለቀሳል?» ቢሆንም ቃሉን ጠበቀ። ከዚያ በኋላ ሰበታ ውስጥ ለሞተው ሁሉ በጉባኤው ፊደል ጻፈ፤ ሲጽፍ ግን የሚመር መድኃኒት እንደሚጠጣ ሰው ፊቱን ያጨማድድ ነበር።

ሱሉልታ ከገቡት መሀል የእናቴ ጓደኛ አሉ። ስማቸውን ጠርቼ አላውቅም፤ ለእኔ እትዬ ናቸው፣ በቃ። በድሮው ሰፈር የእነሱንና የእኛን ግቢ የሚለየው የቆርቆሮ አጥር ነበር። ከቆርቆሮዎቹ አንዷ ከታች በምስማር አልተመታችም፤ ገፋ ሲያደርጓት ትከፈታለች። በዚያች ቀዳዳ በርበሬ አልፏል፣ የታመመ ልጅ አልፏል፣ አንዴ ደግሞ አባቴና እናቴ ሲጣሉ እናቴ ራሷ አልፋለች። ቤታችን ሲፈርስ እናቴ ሌላውን ሁሉ ትታ ያቺን ቆርቆሮ በጭነት መኪናው ላይ ካላስጫንኩ አለች። አሁን ሰበታ የዶሮዎቹ ቤት ጣሪያ ናት።

ከተለያዩ በኋላ መጀመሪያ አካባቢ ይሄዳሉ፣ ይመጣሉ። ከዚያ የሁለቱም ጉልበት እየደከመ ሲሄድ ስልክ ሆነ። ስለምንም ነገር አይደለም የሚያወሩት። ስለ ብርዱ፣ ስለ ዝናቡ። እናቴ ስልኩን ዘግታ ስትስቅ ምን አሉሽ እላታለሁ፤ ምንም ትለኛለች።

እናቴ የሞተችው በክረምት ነው፣ ድንገት። ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ዝናቡ ሲመጣ ተመለሰች፤ እስቲ ትንሽ ልረፍ ብላ ሶፋው ላይ ጋደም አለች። ስለሱ ከዚህ በላይ መጻፍ አልፈልግም።

የዚያን ቀን አባቴ ላፕቶፑን ከፍቶ ማስታወቂያውን ራሱ ጻፈ። እኔ ልጻፈው ስለው በእጁ ገፋ አደረገኝ። ጽፎ ጨርሶ ወደ ማዕቀፉ ላከው፣ ክዳኑን ዘጋ። ከእኛ ማንም ገጹን አላየም። የሞተብን እኛ ነን፤ እኛ ምን ልናይ?

የሰበታ ሰው ድንኳን ተከለ። የቡራዩ ሰዎችም መጡ፤ የአንዱ ልጅ ሰበታ ፋብሪካ ነው የሚሠራው፣ ድንኳኑን አይቶ ለአባቱ ተናግሯል። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ያኔ ጥሩንባውን ሰምተው የመጡ ነበር የመሰለኝ። ከሱሉልታ ግን አንድም ሰው አልመጣም። አባቴ ቀብሩን ትንሽ እናቆየው አለ፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ታክሲ አያገኙም ይሆናል አለ። ቆየን። ቄሶቹ ሰዓቱን እያዩ ነበር። እትዬ አልመጡም።

ለቅሶው ላይ አባቴ ፊቱን ወደ ድንኳኑ በር አድርጎ ነበር የሚቀመጠው። ነጠላ የለበሰች አሮጊት ስትገባ ቀና ይላል፤ ሌላ ሰው ስትሆን ይመለሳል። በሣልስቱም አልመጡም፣ በዐርባውም አልመጡም። የዐርባው ዕለት እንግዳው ከሄደ በኋላ ወንበሮቹን ስሰበስብ ሱሉልታ ባሕር ማዶ ነው እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። አይደለም አልኩት። በቃ ከዛሬ ጀምሮ ስሟ በዚህ ቤት አይነሳ አለ። እኔም ከሱ ብሼ ነበር። እናቴ ያቺን ቆርቆሮ ተሸክማ መጥታ፣ እሳቸው እሷን ለመቅበር መምጣት ያቅታቸው? ሌሊት የሚያባንነኝ የእናቴ ሞት መሆኑ ቀርቶ የሳቸው መቅረት ሆነ።

አንድ እሑድ ለአባቴ ሳልነግር ሱሉልታ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳሰማምር ነበር። አዲሱ ገበያ ታክሲ ስቀይር ቃሉን አሾልኩት፤ እንጦጦ ላይ ጨረስኩት። ያኔም ቢሆን ሄጄ የማለቅስ አልነበርኩም፤ ላስለቅስ ነበር የምሄደው።

እትዬ የተከራዩት ሁሉም ኦቦ ብቻ እያለ የሚጠራቸው አንድ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ ነው። ኦቦ በሩ ላይ ላሚቱን ያጥቡ ነበር። «አካም ቡልቴ?» ብለው እንዴት እንዳደርኩ በኦሮምኛ ጠየቁኝና ወደ ልብሴ አይተው ቀጥሎ የሚሉትን ተዉት። እትዬ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ፣ ተነሱ፤ ከኋላዬ የሚከተል ሰው እንዳለ አንገታቸውን አስግገው አዩ። የሚፈልጉት እናቴን ነበር። እያዘገመች መስሏቸዋል።

ከዚያ ጥቁር መልበሴን አስተዋሉ።

«አባትሽን ነው?» አሉኝ።

ዝምታዬን አዎ አደረጉትና እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ማልቀስ ጀመሩ። የሚያለቅሱት ለአባቴ አልነበረም። «እህቴ፣ ብቻሽን ቀረሽ! ለዚህ ነው ስልክሽን የዘጋሽው? እኔ እኮ የተቀየምሽኝ መስሎኝ ነው!» እያሉ ለእናቴ ያለቅሱ ነበር፤ ባሏ ሞቶባት ብቻዋን ቤት ለቀረችው እናቴ። ነጠላዬን አምጡልኝ፣ አሁኑኑ እሷ ጋ ውሰዱኝ ይላሉ። ያሰማመርኩት ቁጣ ሁሉ ከአፌ ጠፋ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር አላውቅም፤ ያለ ሽማግሌ፣ ቆሜ፣ በጠራራ ፀሐይ መናገሬ ነው። የመጣልኝም አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እትዬ፣ አባዬ ደህና ነው።»

ለቅሷቸውን አቆሙ። ፊቴን አዩ። ኦቦ ባልዲውን ጥለው ሮጠው ደገፏቸው። ኦቦ ነገሩ ገብቷቸው «ረቢ ሲ ሃ ጀጀቤሱ» ይሏቸዋል፣ እግዜር ያጽናሽ፤ ደጋግመው እሱን ብቻ። እኔ መሬት ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አንድ ጊዜ በእናቴ ሞት ያለቀስኩትን እንደገና፣ ከመጀመሪያው አለቀስኩት።

ተጠሪው ተጠርተው መጡ። እንባቸው እየወረደ ስልካቸውን አውጥተው አሳዩኝ። በየማለዳው ከፍቼ አያለሁ፣ አንድ ቀን አልዘለልኩም፣ ምንም አልነበረም ብለው ማሉልኝ። የእናቴን ቀን ፈልጌ አየሁት። አንድ ሠርግና አንድ ስብሰባ አለ። ጥቁር ክፈፍ የለም።

ሰበታ ስመለስ አባቴ ዶሮዎቹ ጋ ነበር። ላፕቶፑን ከፍቼ የሰበታን ሰነድ አወጣሁ። ‹ሀዘን› ብዬ ፈለግሁ። የሌላው ሰው ሞት ሁሉ እየተከታተለ መጣልኝ፤ የእናቴ የለም። አልላከውም ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ግን እስከ ታች ወርጄ ሳይ አለ። በሥርዓቱ ተከፍቷል፣ በሥርዓቱ ተዘግቷል፣ አራት ነጥቡ ሳይቀር ቦታው ላይ ነው። ‹ሐዘን› ይላል። በሐመሩ ሐ። ውስጡ ደግሞ «ባለቤቴ ዛሬ ዐረፈች» ብሎ ጽፏል፤ ዐረፈችን በዐይኑ ዐ።

ለማጣሪያው የማያውቀው ስም ነው፤ አልፎታል።

ልናደድ ፈለግሁ፤ በማን እንደምናደድ አጣሁ። ለጎረቤት ሞት፣ ለማናውቀው ሰው አጎት ሞት፣ በተስማማንበት ፊደል ጽፏል። ለሚስቱ ሲሆን ግን ስህተት ነው ብሎ የሚያምነውን መጻፍ አልቻለም። አርሞ ላካት። ላፕቶፑን ዘጋሁና ወጥቼ አጠገቡ ቆምኩ። የት ዋልሽ አለኝ። ከተማ አልኩት።

በሳምንቱ እትዬን ላመጣቸው ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ፣ አየር ጤና ልንደርስ ስንል፣ እኔን የረሳኝ ማነው ብለው ጠየቁኝ። እሳቸውን መዋሸት ስለከበደኝ ነገርኳቸው። ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ ማታ ትምህርት የገቡ ሰው ናቸው፤ ሲያነቡ ጣታቸውን እያስከተሉ ነው። ሀ ሦስት ዓይነት መሆኑን አላስታወሱትም። መዳፋቸው ላይ በጣቴ ሦስቱንም ጻፍኩላቸው። የመጨረሻውን ስጽፍ መዳፋቸውን ጨበጡት።

«እንዳትነግሪው፤» አሉኝ። «ይሄን ከሰማ አይተርፍም።»

ታዲያ ምን እንለዋለን አልኳቸው። እኔ አውቃለሁ ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ቤት ስንገባ ከበሩ ጀምረው እያለቀሱ ገቡ። አባቴ ከወንበሩ አልተነሳም። አልቅሰው እስኪጨርሱ ጠበቀ። ከዚያ ሰው እንዳይሰማው ቀስ ብሎ ጠየቀ።

«ጥሩንባውን አልሰማሽም?»

እትዬ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ።

«ሰምቻለሁ፤» አሉ። «እግሬ አልታዘዝ አለኝ።»

አባቴ እግራቸውን አየ። ከአስፋልቱ እስከ ቤታችን ያለውን ዳገት ሳይደገፉ የወጡበት እግር ነው፤ ጭቃው ገና አልደረቀም። ውሃ ስጫት ብሎኝ ወደ ዶሮዎቹ ወጣ። እትዬ ውሃውን ጠጥተው በጓሮው በር በኩል ያቺን ቆርቆሮ አዩዋት። ዝገት በልቷታል፤ ግን ከታች በኩል ያልተመታችበት ጥግ አሁንም ይታወቃል።

ከዚያ ወዲህ እየመጡ ይጠይቁናል። አባቴ እንደማያውቁት እንግዳ ነው የሚያናግራቸው፤ ደህና ዋልሽ፣ ደህና ግቢ። ድሮ ይቀልድባቸው የነበረው ሰው ነው። አንዳንድ ቀን እኔ ልናገር አፌን ስከፍት እትዬ ያዩኛል፤ እዘጋዋለሁ። የአባቴን ዓይን ሳይ ደግሞ ልክ እንደሆኑ አውቃለሁ። እትዬ ሚስቱን እንዳይቀብሯት ያደረገው የሱ እጅ መሆኑን ቢያውቅ የሚይዘው ነገር የለውም። በሳቸው መናደድ ግን ይይዘዋል፤ ጠዋት ያስነሳዋል፣ ዶሮ ያስመግበዋል።

ማጣሪያውን አስተካከልኩት። አሁን በሃሌታውም ቢጻፍ፣ በሐመሩም፣ በብዙኃኑም ይቀበላል። አጭር ሥራ ነበር፤ ሻይ እንኳ ሳይቀዘቅዝ ጨረስኩት። ሥራውን እንዳበቃሁ የእናቴ ሞት በራሱ ቀን ላይ፣ ከዚያ ሠርግ በላይ፣ በጥቁር ክፈፍ ወጣ። ማንንም አልጠራም፤ የሚጠራው ሰው ሁሉ አውቋል።

ባለፈው የቡራዩ ተጠሪ፣ ያ ለኀ የተከራከሩት ሰው፣ ዐረፉ። አባቴ ከእናቴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ገጹን ከፈተ። እትዬ ያን ቀን እኛ ጋ ነበሩ፤ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት ይልጣሉ። አባቴ የሰውየውን ማስታወቂያ አንብቦ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ወደ ታች መውረድ ጀመረ። ልከለክለው አልቻልኩም። የእናቴ ቀን ላይ ጣቱ ቆመ።

«ያኔም እንዲህ ወጥቶ ነበር?» አለኝ።

«አዎ፣ አባዬ።»

«በሐመሩ ሐ?»

«በሐመሩ ሐ።»

ፊቱ ላይ ደስታ አየሁ። ለቅሶ ከተቀመጥን ወዲህ አይቼው የማላውቀው፣ የድሮው የአራሚ ደስታው ነው፤ አንድ ፊደል አስከብሮ ከማተሚያ ቤት ሲመጣ የነበረው። ስክሪኑን በጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ ደስታው ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ፤ ወደ ጓዳው በር ዞረ።

«እንግዲያ አይታዋለች ማለት ነው።»

ጓዳ ውስጥ ቢላዋው ቆመ። ከዚያ የእትዬ ድምፅ መጣ።

«አይቼዋለሁ፤» አሉ። «ጥሩ አድርገህ ነው የጻፍክላት።»